ጀግና የሌለበት መሥሪያ ቤት፤ ስለ አንድ የኮሪያ የቴሌቪዥን ድራማ

ስለ ፍርድና ስለ ሕግ የሚደረስ ድርሰት፣ መጽሐፍም ይሁን ቴአትር ወይም ፊልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከትልቅ ወንጀል ነው። ሰው ይገደላል፤ ባለሥልጣን ጉቦ ይበላል፤ ከዚያም አንድ የማይፈራ ሰው ተነሥቶ እውነትን ከተቀበረችበት ያወጣል። ተመልካቹም ክፉው ሲቀጣ አይቶ ደስ ብሎት ወደ መኝታው ይሄዳል። ነገር ግን የሕግ ሥራ በአብዛኛው እንዲህ ያለ እንዳልሆነ በመሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትልቁ ወንጀል አልፎ አልፎ ሲመጣ፣ ትንሹ ነገር ግን በየቀኑ በሩን እያንኳኳ ይገባል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ድራማ ይህንኑ ትንሽ ነገር ዋና ጉዳዩ ያደረገ ነው።

ድራማው በኮሪያ ቋንቋ «ገምሳ ኔጆን» ይባላል። ጄ.ቲ.ቢ.ሲ. የተባለው የደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከዲሴምበር 16 ቀን 2019 እስከ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2020 ድረስ በ16 ክፍል አሳይቶታል፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። አዘጋጁ ሊ ቴ ጎን ነው። «ገምሳ» ማለት ዐቃቤ ሕግ ማለት ሲሆን፣ በቻይና ፊደል ሲጻፍና ሲተረጐም «ነገርን የሚመረምር» ማለት ይሆናል። እኛ ይህን ሹመት ከግእዝ ወስደን የሕግ ጠባቂ ስንለው፣ ኮሪያውያን የነገር መርማሪ ይሉታል። የእኛ ስም ዓይንን ወደ ላይ ወደ ሕጉ ያነሣል፤ የእነርሱ ስም ግን ዓይንን ወደ ታች፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተከመረው ዶሴ ያወርዳል። «ኔጆን» የሚለው ቃል ደግሞ የውስጥ ታሪክ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሲነገር የእርስ በርስ ጦርነት ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ አንድ ነው። አንባቢ ይህን ሁለተኛ ትርጓሜ በልቡ ቢይዝልን፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በኮሪያ ቴሌቪዥን ዐቃቤ ሕግ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1995 ኤስ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጣቢያ ያሳየው «የአሸዋ ሰዓት» የሚባለው ድራማ የሦስት ወዳጆችን ታሪክ ሲተርክ፣ አንዱን ዐቃቤ ሕግ፣ ሁለተኛውን የወንበዴ ማኅበር ሰው፣ ሦስተኛይቱን የቁማር ቤት ባለጸጋ ልጅ አድርጎ አቅርቧል። በመጨረሻም ዐቃቤ ሕጉ በገዛ ወዳጁ ላይ የሞት ፍርድ ይጠይቃል። ይህ ድራማ በሚታይበት ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጥ ስለ ነበረ መንገዱ ጭር ይል ነበር ይባላል። በ2017 ቲ.ቪ.ኤን. ያሳየው «የምስጢር ደን» ደግሞ፣ በልጅነቱ በአንጎሉ ላይ ከተደረገው ቀዶ ጥገና የተነሣ ስሜቱ የደነዘዘ አንድ ዐቃቤ ሕግ የራሱን መሥሪያ ቤት ብልሹነት ሲመረምር ያሳያል። ሁለቱም የተደነቁ ሥራዎች ናቸው፤ እኛም አናቃልላቸውም። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ ዐቃቤ ሕጉ ከሌላው ሰው ተለይቶ የቆመ ነው፤ አንደኛው በመሥዋዕትነቱ፣ ሁለተኛው በስሜት አልባነቱ። ተመልካች ያደንቃቸዋል እንጂ ራሱን አያይባቸውም።

«ገምሳ ኔጆን» ከዚህ መንገድ ወጥቷል። መነሻው በ2018 በዚሁ ስም የታተመ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ኪም ኡንግ በዐቃቤ ሕግነት ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ ራሱን የሚገልጸው ኑሮውን ለማሸነፍ እንደሚሠራ ተራ ሠራተኛ አድርጎ ነው። በመጽሐፉ አገሩን በትልቅ መርከብ፣ ዐቃቤ ሕግን ደግሞ በመርከቡ ውስጥ በአንድ ሥፍራ ጠብቆ በሚይዝ ትንሽ ብሎን ይመስለዋል። ብሎን አይታይም፤ አይመሰገንም፤ ነገር ግን ቢላላ ውኃ ይገባል። ምሳሌው ለመንግሥት ሠራተኛ ጆሮ የሚጥም ነው። እኛ ግን አንድ ጉድለት አግኝተንበታል፤ ይኸውም በኋላ ይገለጻል።

የድራማው ሥፍራ ጂንዮንግ የምትባል፣ በደቡብ ባሕር ዳርቻ እንዳለች የተፈጠረች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ባለው የዐቃቤ ሕግ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት «ሁለተኛ የወንጀል ክፍል» የሚባል አለ። የክፍሉን ሠራተኞች ስናያቸው በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጆ ሚን ሆ የተባለው የክፍሉ አለቃ ከበላይም ከበታችም ተስማምቶ ለማደር ይጥራል። ሆንግ ጆንግ ሃክ በዕድሜና በአገልግሎት የሁሉ ታላቅ ነው። ኦ ዩን ጂን የልጆች እናት ስትሆን፣ በቤቷና በመሥሪያ ቤቷ መካከል ትሰነጠቃለች። ኪም ጆንግ ኡ ገና ወጣት ነው፤ አለባበሱና መዝናኛው ከሥራው እኩል ያሳስበዋል። ነገሩን በራሱ አንደበት የሚተርክልን ሊ ሱን ዉንግ የተባለው፣ አሥር ዓመት ያህል ያገለገለ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተዋናዩ ሊ ሱን ክዩን ይጫወተዋል። ወደዚህ ጸጥተኛ ሥፍራ ቻ ምዩንግ ጁ የምትባል፣ በዋና ከተማይቱ በሶል ስሟ የገነነ ዐቃቤተ ሕግ ከነቅሬታዋ ተዛውራ ትመጣለች፤ የምትጫወታት ጁንግ ርዮ ዎን ናት።

ወደነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ የሚደርሰው ነገር ምንድን ነው? ማጭበርበር፣ ቁማር፣ የጎረቤት ጠብ፣ የገንዘብ ንትርክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ታሪኮች አንዱ ደጋግማ ሰውን ስለምታታልል አንዲት አሮጊት ይናገራል። ይህ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ የኪም ኡንግ መጽሐፍም የሚጀምረው ከአጭበርባሪዎች ነው። በኮሪያ ገንዘቡን አበድሮ ያልተመለሰለት ሰው በፍትሐ ብሔር ከመክሰስ ይልቅ «አታለለኝ» ብሎ የወንጀል አቤቱታ ማቅረብን ብዙ ጊዜ ይመርጣል። ምክንያቱም በፍትሐ ብሔሩ ማስረጃ ፈልጎ የሚያመጣው ከሳሹ ራሱ ሲሆን፣ በወንጀሉ ግን መንግሥት ስለሚፈልግለት ነው። በዚህ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ተበዳሪው ገንዘቡን በተቀበለባት ቀን የመክፈል ሐሳብና ችሎታ ነበረውን? ነበረው ከተባለ፣ ሰውየው የከሰረ ምስኪን ነው፤ አልነበረውም ከተባለ፣ ወንጀለኛ ነው። ገንዘቡ ያው ነው፤ የጠፋው ኑሮም ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአንድ ቀን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በነበረው ሐሳብ ላይ ነው። እንግዲህ የዐቃቤ ሕጉ ሥራ ከባንክ ወረቀትና እርስ በርሱ ከሚጣላ ቃል ያለፈውን ልብ ማንበብ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ቃል ቀላል ይመስላል፤ ሥሩ በሰው ልብ ውስጥ ሲሆን ግን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ይህ ድራማ በደንብ አሳይቶናል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የኮሪያን ሕግ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በ1954 በወጣው የኮሪያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ ሰውን በወንጀል ፍርድ ቤት ፊት ለማቆም መብት ያለው ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ጥፋቱ ቢረጋገጥ እንኳ፣ የጥፋተኛውን ዕድሜና ጠባይ፣ የነገሩን መነሻ፣ ከጥፋቱ በኋላ የሆነውን ሁሉ አመዛዝኖ ላለመክሰስ መወሰን ይችላል። አቤቱታ ሲቀርብለትም በ3 ወር ውስጥ ምርመራውን ፈጽሞ ልክሰስ ወይም አልክሰስ ብሎ መቍረጥ እንዳለበት ሕጉ ያዝዛል። ስለዚህ የኮሪያ ዐቃቤ ሕግ ከሁለት ወገን ይጨነቃል፤ በአንድ በኩል የቀኑ ቍጥር ያሯሩጠዋል፣ በሁለተኛው በኩል የሰው ዕድል በእጁ ነው። ማታ መብራት የሚበራበትን መስኮት፣ ወሩ ሲያልቅ የሚከመረውን ወረቀት፣ በእንቅልፍና በቡና መካከል የሚነበበውን የምስክር ቃል ሌሎቹ ድራማዎች እንደ ጌጥ ያልፉታል። ይህኛው ግን ታሪኩን የሠራው ከዚያው ነው።

ከዚህ የተነሣ ድራማው ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ፊት ለፊት አቁሞ ያወዳድራል። ሊ ሱን ዉንግ ሰውን ይሰማል፤ ነገሩን ያገላብጣል፤ ለባለጉዳዩ ያዝናል፤ ነገር ግን ይዘገያል። ቻ ምዩንግ ጁ ትፈጥናለች፤ ሕጉን አጥርታ ታውቃለች፤ ዶሴውን ትዘጋለች፤ ነገር ግን ከወረቀቱ በስተኋላ ያለውን ሰው ቀና ብላ ለማየት ጊዜ የላትም። አንድ ሰነፍ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ደጉን ዘገምተኛ አመስግኖ ፈጣኒቱን ባሳፈራት ነበር። እዚህ ግን እንዲህ አልተደረገም። ለእኛ እንደሚታየን የድራማው ትልቅ ብልኅነት ይህ ነው፤ ደግነት ቀጠሮን ሲያራዝም ጭካኔ እንደሚሆን፣ ፍጥነትም ሳይሰማ ሲፈርድ ስሕተት እንደሚሆን ሁለቱንም ያሳያል። ፍትሕ ለማግኘት ወራት የሚጠብቅ ባለጉዳይ የዐቃቤ ሕጉን ርኅራኄ አያውቅለትም፤ የሚያውቀው መዘግየቱን ብቻ ነው። እንደዚሁም በአንድ ቀን የተዘጋ ዶሴ ለመሥሪያ ቤቱ ቍጥር ሲሆን፣ ለተከሳሹ ግን ዕድሜ ልክ የሚከተለው ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች እየተጣሉ አንዱ ከሌላው የጐደለውን ሲማር ማየት ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል።

አቀራረቡም ለጉዳዩ የተስማማ ነው። ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ሰውን የሚያዋርድ አይደለም። አለቃና ምንዝር በምሳ ሰዓት የሚተያዩት፣ ማን ማንን ቀድሞ እንዲቀመጥ የሚደረገው ጭንቀት፣ ከሶል የመጣ ሰው በጠረፍ ሰዎች ላይ የሚያሳድረው ፍርሃትና ቅናት፣ ይህ ሁሉ የታየው በዐዋቂ ዓይን ነው። ተዋንያኑም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ይጫወታሉ። በተለይ ሊ ሱን ክዩን ደክሞት የሚያዳምጥ ሰው ፊት እንዴት እንደሚመስል ያሳየበት አኳኋን በጣም የሚያስመሰግን ነው። ድራማው በአገሩ በተመልካች ብዛት ከታወቁት አንዱ አልሆነም፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ጸጥ ያለ ነገር ጸጥ ያለ ተመልካች ይፈልጋልና።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ዐቃቤ ሕግ በመርከብ ውስጥ እንዳለ ትንሽ ብሎን ነው የሚለው ምሳሌ ትሕትናን ያስተምራል፤ እውነቱን ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ብሎን አይወስንም። ይህን ሳንቃ ልያዝ፣ ያንን ልልቀቅ አይልም። ብዕርና ማኅተም የያዘ ሰው ግን ይወስናል፤ የሚወስነውም ስለ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «እኔ ትንሽ ነኝ» የሚለው ቃል ከአንድ ሹም አፍ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ትዕቢትን መተው ነው፣ ሁለተኛው ግን ኀላፊነትን መሸሽ ነው። ድራማው በመልካሙ ሰዓት የመጀመሪያውን ይይዛል፤ አንድ ትንሽ ዶሴ ለአንድ ሰው መላ ሕይወቱ እንደ ሆነ ያሳየናል። በደካማው ሰዓት ግን ወደ ሁለተኛው ይንሸራተታል። የክፍሉ ሰዎች እንዲህ የሚወደዱ፣ የሚደክሙ፣ የሚራቡና የሚሳሳቱ ስለ ሆኑ፣ እጃቸው የያዘውን ሥልጣን ተመልካቹ ይረሳዋል። ካሜራው ሁልጊዜ ያለው ከጠረጴዛው በአንድ ወገን ነው። ባለጉዳዩ ይገባል፤ ያለቅሳል ወይም ይዋሻል፤ ይወጣል። ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ያን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር ግን ብዙውን ጊዜ አንከተለውም።

ይህ ትችት ከውጭ አምጥተን የጫንነው አይደለም፤ ድራማው የታየበት ዘመን ራሱ ያስነሣው ነው። በ2019 መጨረሻ ኮሪያ በዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ቾ ኩክ ከተሾሙ ከአንድ ወር ጥቂት ቀን በኋላ በኦክቶበር 2019 ሥልጣናቸውን ሲለቁ፣ በሶል አደባባዮች እጅግ ብዙ ሕዝብ አንዱ ለመደገፍ ሌላው ለመቃወም ተሰልፎ ነበር። ድራማው ገና በመታየት ላይ ሳለ፣ በጃንዋሪ 13 ቀን 2020 የአገሪቱ ምክር ቤት ዐቃቤ ሕግ በፖሊስ ምርመራ ላይ የነበረውን አዛዥነት የሚያስቀር ሕግ አጸደቀ። በማግሥቱ ኪም ኡንግ፣ የዚሁ ድራማ መነሻ የሆነውን መጽሐፍ የጻፈው ሰው፣ ሕጉን በመቃወም ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ምርጫ ተወዳድሮ የምክር ቤት አባል ሆነ። እንግዲህ ትንሹ ብሎን ስለ መርከቡ አካሄድ የሚለው ነገር ነበረው ማለት ነው። ሰውየው ትክክል ነበር ወይም ተሳስቶ ነበር ብለን ልንፈርድ አንነሣም፤ እንዲህ ማድረጉ ግን የብሎኑ ምሳሌ እንደማይበቃ ራሱ መሰከረ። የውስጥ ታሪክ የሚለው ቃል የእርስ በርስ ጦርነት ከሚለው ጋር አንድ ድምፅ ማሰማቱ በከንቱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ርቆ ሄዷል። በ2020 የወጣው ሕግ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ፖሊስ ምርመራን ራሱ ጀምሮ ራሱ የመዝጋት ሥልጣን አገኘ። በ2022 ዐቃቤ ሕግ በራሱ ሊጀምረው የሚችለው የምርመራ ዓይነት ይበልጥ ተቀነሰ። በሴፕቴምበር 2025 ምክር ቤቱ የዐቃቤ ሕግን መሥሪያ ቤት አፍርሶ መመርመርንና መክሰስን ለሁለት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያከፋፍል ሕግ አጸደቀ። ስለዚህ «ገምሳ ኔጆን» ሳያስበው የአንድ ዘመን ሥራ መዝገብ ሆኖ ቀርቷል፤ አንድ ሰው የአሮጊቲቱን ማጭበርበር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚመረምርበት ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር የሚጠይቅ ሁሉ ከዚህ ያገኘዋል። ትልልቆቹን ጉዳዮች ጋዜጣና የታሪክ መጽሐፍ ይመዘግቧቸዋል፤ ትንሹን የዕለት ሥራ ግን ድርሰት ካልመዘገበው ማንም አይመዘግበውም።

አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ሊ ሱን ክዩን ይህን ድራማ በሚጫወትበት ዓመት «ፓራሳይት» በተባለውም ፊልም ውስጥ ነበረ፤ ፊልሙ ታላቁን የአሜሪካ የፊልም ሽልማት ያገኘው የድራማው የመጨረሻ ክፍሎች በታዩበት ሳምንት ነው። ይህ ተዋናይ በዲሴምበር 27 ቀን 2023 በ48 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ጊዜ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠርጥሮ በፖሊስ ምርመራ ላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜም በጋዜጠኞች መካከል እያለፈ ለምርመራ ቀርቦ ነበር፤ ክስ ግን አልተመሠረተበትም። በጃንዋሪ 2024 የፊልም ባልደረቦቹ ተሰብስበው የምርመራው ነገር እንዴት ወደ ጋዜጣ እንደ ወጣ ይመርመር ብለው በአደባባይ ጠየቁ። ድራማውን አሁን የሚያይ ሰው ይህን ማሰቡ አይቀርም። በዚያ ድራማ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጦ ሰውን በትዕግሥት ሲሰማ የምናየው ሰው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀመጠ። ካሜራው ያልተከተለው መንገድ፣ ባለጉዳዩ ከበሩ ከወጣ በኋላ የሚሄድበት መንገድ፣ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል የተጻፈው በድራማው ሳይሆን በተዋናዩ ሕይወት ሆነ። ይህን የምንለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ለአንድ ቢሮ ከመቶው አንዱ የሆነ ዶሴ ለሌላው ሰው ብቸኛው ዶሴ እንደ ሆነ ለማስታወስ ነው።

በጠቅላላው ስንፈርድ፣ «ገምሳ ኔጆን» ጥሩ ድራማ ነው፤ ሊታይም ይገባዋል። ጀግናን ከፈረሱ አውርዶ በወንበር ላይ አስቀመጠው፤ በዚህም የሕግን ሥራ ወደ እውነተኛ መልኩ አቀረበው። የሠራተኛውን ድካም ያለ ውሸት አሳየ። የጐደለው ነገር ቢኖር ወንበሩን ከሥልጣኑ ለይቶ ማየቱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ትንሽነቱን ማወቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትንሽነቱ የሚበጀው ስለ ራሱ ክብር ሲያስብ ብቻ ነው። ስለ ባለጉዳዩ ሲያስብ ግን፣ በእጁ ያለው ማኅተም ትንሽ ነው ብሎ ሊናገር አይችልም። ተማሪዎችና መምህራን ይህን ድራማ ለደስታ ያዩት ይሆናል፤ ከጠረጴዛ በስተኋላ የምንውል ሰዎች ግን በመጨረሻው ክፍል ላይ ቆም ብለን፣ ዛሬ ለነገ ያሳደርነው ዶሴ የማን እንደ ሆነ ብናስብበት ደራሲዎቹ የደከሙበት ነገር ዋጋውን ያገኛል።